ኩባንያ የሆነው የዕድራችን ዕቃ ቤት

ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሞኝ ነው! አዎ፣ ደግሜ እላለሁ… ሞኝ ነው። እኔ ራሴ ዕድሜ ልኬን ቡናዬን ጪጩ ገበያ አውጥቼ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝና ስድቡ ከሁሉ በፊት ለራሴ ነው፤ አትቀየሙኝ። ቡናዬን ሸጥኩ፣ ቡናዬ ሄደ፤ የገዛኝም ሰው ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ አላየኝም። ብልጥ ግን እንዲህ አያደርግም። ብልጥ ያንኑ አንድ ዕቃ ለአገር ሁሉ ሲሸጥ ይውልና ማታ ቤቱ ሲገባ ዕቃው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል! እንዴት ሆኖ አትሉኝም? ቀስ በሉ… እኔ የምቸኩልበት ጉዳይ የለኝም፤ እናንተም ጋዜጣውን አንዴ ከገዛችሁት ወዲያ የት ትሄዳላችሁ?

ነገሩን ከቁልፉ ልጀምር። እኔ እዚህ ዲላ የሰፈራችን ዕድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት የጭቃ ቤት ናት። ውስጧ አንድ ድንኳን፣ አግዳሚዎች፣ ብረት ድስቶች፣ ሳህንና የውኃ በርሜል አሉ። ቁልፏ በሲባጎ ታስሮ አንገቴ ላይ ይውላል፤ አንገቴ ላይም ያድራል። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «ጋሽ በራሶ!» እያለ ከመቀመጫው ብድግ የሚልልኝ ለሽበቴ እንዳይመስላችሁ። ሽበትማ በየደጁ አለ። ለቁልፉ ነው! ነገ ማን እንደሚሞትበት፣ ማን እንደሚድር አያውቅምና ከቁልፉ ጋር መጣላት የሚፈልግ የለም።

ታዲያ በአንድ ክረምት ይህ ቁልፍ ከአንገቴ ሊወርድ ሆነ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ያፈስሳል፣ ድንኳኑ ተቀዳድዷል፣ የዕድሩ ካዝና ውስጥ ደግሞ ከካዝናው በቀር ምንም የለም። ሊቀመንበራችን አቶ መንገሻ አንድ ቀን ሰበሰቡንና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ መንገሻ ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ደግ ነገር አይመጣም።

«ወገኖቼ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ዕድር ባለ ብረት ምሰሶ ድንኳን አለው። የፕላስቲክ ወንበር አለው። ከነሱ ጋር እንዋሐድ። የቡና ለቀማ ሲገባ ጉባኤ እንጠራና እንወስናለን።»

«ዕቃ ቤቱስ?» አልኳቸው።

«ይፈርሳል።»

«ቁልፉስ?»

«የፈረሰ ቤት ቁልፍ ምን ይሠራል፣ ጋሽ በራሶ? ለማስታወሻ ያስቀምጡት!»

እስቲ ፍረዱኝ… ለማስታወሻ! ዝናብ በመጣ ቁጥር ድንኳን ፍለጋ ወንዝ ልንሻገር! እኔም ያለ ቁልፍ በዚህ አንገቴ ከተማ መካከል ልዞር! ሳምንቱን ሙሉ ቆጮዬ አልዋጥልህ አለኝ።

በእሑዱ የእህቴ ልጅ ታሪኩ ለምሳ መጣ። ታሪኩ ኮምፒውተር ተምሮ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ከፍቷል። ከአዲስ አበባ ሥልጠና ተመልሶ ስለነበር አፉ አላርፍ ብሎታል።

«አጎቴ፣ በዓለም ላይ አንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ አለ። ሀብቱ መንግሥት ያስንቃል።»

«ምን ያመርታል?»

«በእጅ የሚጨበጥ ነገር አያመርትም።»

«ሌባ ነዋ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ይጨርስ!» አለችኝ ባለቤቴ አስቴር።

ልጁ ጨረሰ። ኩባንያው በዘርፍ በዘርፍ የተከፋፈለ ነው አለ። አንደኛው ዘርፍ ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ነገር ይሸጣል። የሚከፍሉት ኮምፒውተር የሚሠሩት ፋብሪካዎች ናቸው፤ ሒሳቡ ዋጋው ውስጥ ስለሚገባ ገዢው መክፈሉን እንኳ አያውቅም። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቶች የሚጽፉበትንና ሒሳብ የሚሠሩበትን ያከራያል።

«ድሮ አንዴ ሸጦ ይለያይ ነበር፤ አሁን በየዓመቱ ነው የሚያስከፍለው።»

«ያንኑ አንዱን ነገር?»

«ያንኑ። ትንሽ ትንሽ እያሻሻለ።»

«ያልከፈለስ?»

«ይዘጋበታል።»

አስቴር ማንኪያዋን አስቀመጠች። ታሪኩ ቀጠለ። ሦስተኛው ዘርፍ ሩቅ አገር መጋዘን ሙሉ ማሽን አለው። ሰዉ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን፣ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ሁሉ እዚያ ያስቀምጥና በየወሩ ይከፍላል፤ ደመና ይሉታል። እኔማ ደመና ዲላ ላይ ሞልቶ ተርፎን ማንም ከፍሎበት አያውቅም አልኩ በሆዴ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጨዋታ ዘርፍ አለ። የማስታወቂያ ዘርፍም አለ። አንተ የሆነ ነገር ስትፈልግ ኩባንያው በነፃ ይፈልግልህና ከጎኑ የነጋዴ ማስታወቂያ ያሳይሃል፤ ነጋዴው ይከፍላል።

«ከሁሉ ቤቱን የሚያበላው የትኛው ነው?» አልኩት።

«የሚጮኸው ጨዋታው ነው። ቤቱን የያዙት ግን ዝም ያሉት ናቸው… የመሥሪያ ቤቱ ኪራይና ደመናው።»

ይህን ሲል ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። የኔን ጓሮ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቡናው ሲቀላ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያደንቀዋል። እንሰቱን ግን ማንም አያይለትም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ዓመቱን ሙሉ ይቀልበናል። ከላይ ዛፉ ለሁሉም ጥላ ይሰጣል፣ ዛፉ ላይ ደግሞ ቀፎ ተሰቅሏል። ሁሉም በአንድ መሬት፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ!

«ታሪኩ! ይሄ ኩባንያ የጌዴኦ ጓሮ ነው እኮ!»

«እንደሱ ማለት ይቻላል፣ አጎቴ…»

«እንግዲያው ዕቃ ቤቱንም እንደሱ አደርገዋለሁ!»

ታሪኩ ደነገጠ። «እኔ ጨዋታ ላጫውትዎት ብዬ ነው እንጂ…» አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ በሐሳብ ዕቃ ቤቱ ደርሻለሁ።

በማግሥቱ ዘርፎቼን አቋቋምኩ። መጀመሪያ የአግዳሚ ዘርፍ። መንገዱ ዳር ያለችው ሻይ ቤት አግዳሚ ያስፈልጋት ነበርና ባለቤቷን በዓመት ኪራይ አነጋገርኳት።

«ጋሼ፣ በዚህ ኪራይ እኮ አናጢ አዲስ ይሠራልኛል!»

«አናጢው ሠርቶልሽ ይሄዳል። እኔ ግን በየጊዜው አሻሽልልሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሚስማሩን።»

አሰብ አደረገችና ተስማማች። ሚስማር ወጣ ወጣ እያለ የደንበኞቿን ሱሪ ሲቀድ ከርሞ ነበርና መዶሻዬን ይዤ በሄድኩ ቁጥር «ማሻሻያው መጣ!» እየተባለ አቀባበል ይደረግልኝ ጀመር። ከዚያ የጨዋታ ዘርፍ ብዬ ዕቃ ቤቱ ደጅ የቆርኪ ዳማ ዘረጋሁ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ መጥቶ ተጫወተ፤ ሳንቲም የከፈለ ግን አንድም የለም! ታሪኩን ብጠይቀው «ግድ የለም፣ ሰው ይሰበስብልዎታል» አለኝ። ሰውስ ተሰበሰበ። ተሰብስቦ እርስ በርሱ ተሰዳደበ።

የማስታወቂያውን ዘርፍ ያመጣልኝ ሐጂ ነስሩ ነው። ሐጂ ነስሩ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ የሙሽራ ልብስም ያከራያል፤ የዕድራችንም አባል ነው። የተቀደደውን ድንኳን አየና እጁን አገጩ ላይ አደረገ።

«ጋሽ በራሶ፣ ወላሂ እኔ በራሴ ሸራ ልጠግነው። አንድ ነገር ብቻ እጽፍበታለሁ።»

«ምን ትጽፍበታለህ?»

«ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር። "እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ! የነስሩ የሙሽራ ልብስ፣ ኪራይና ሽያጭ።" በቃ!»

ሠዓሊ አምጥቶ በቀይ ቀለም፣ ቁመቱ ልጅ በሚያህል ፊደል አስጻፈው። አስቴር አየችውና «ለሐዘን ሲሆንስ?» አለች።

«ገልብጠን እንተክለዋለን!» አልኳት፤ በራሴም ኮራሁ። «ጽሑፉ ያለበት ገጽ ወደ ውስጥ ይሆናል፤ አላፊ አግዳሚው አያየውም!»

አስቴር ትክ ብላ አየችኝ… ምንም አላለችም። አንባቢ ሆይ፣ ሚስትህ ዝም ብላ ካየችህ የተናገርከውን አንድ ጊዜ መልሰህ አስበው። እኔ አላሰብኩም።

ከሁሉ የበለጠው ግን ደመናዬ ነው። «ዕቃ ያለው ሰው ያምጣና ያስቀምጥ፤ በየወሩ ጥቂት ይክፈል፤ ምን እንዳመጣ ማንም አይጠይቀውም» ብዬ አስወራሁ። ማን ይመጣል ብዬ ነበር። መጡ እንጂ! በየፊናቸው፣ ግራ ቀኛቸውን እያዩ መጡ። (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ እናንተ ዲላ ያላችሁ ግን አትድከሙ፣ ታውቋቸዋላችሁ።) አቶ መንገሻ፣ ያው ዕቃ ቤቱን የሚያፈርሱት ሊቀመንበር፣ ከወንድሞቻቸው ጋር የሚካፈሉትን ጀንፈል ቡና በጆንያ አምጥተው ከበርሜሎቹ ጀርባ ደረደሩ። ለወንድሞቻቸው «ሸጬዋለሁ፣ ዋጋው ወድቆ ነበር» ብለዋቸዋል። ሐጂ ነስሩ የሰናፍጭ ቀለም ያለው አንድ ጥቅል ጨርቅ አመጣ። ሲገዛው ሚስቱ «ይህን ማን ይለብሰዋል?» ብላው ነበርና «ገና ሳላወርደው አለቀ» ብሏታል።

ወይዘሮ ብርቱካንም መጣች። ብርቱካን እንዲህ ናት የማትባል ጨዋ ሴት ናት፤ ከአማቷ ከእማማ ሸዋዬ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖራለች። እማማ ሸዋዬን… ነፍሳቸውን ይማርና… የሚያውቅ ሁሉ ብርቱካንን «አንቺ ጸሎት ያዥ» ይላት ነበር። ወጡን ያለ ነቀፌታ በልተውላት አያውቁም። አንዲት ሻንጣ አምጥታ ሰጠችኝ።

«ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ልብሴ ነው፣ ጋሼ። ፍስሐ ገነት ከተማ እናቴ ዘንድ ለመሄድ ያሰርኩት። እቤት ሳየው ዛሬውኑ ልሂድ ልሂድ እያለኝ ተቸገርኩ። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።»

ተቀበልኳት። ከሳምንት በኋላ ባሏ ደግሞ አንድ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጥቶ በሌላው ጥግ አስቀመጠ። እሱ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ደመና ነኝና!

ጣሪያው በደመናው ገቢ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። እኔም በልቤ ጉባኤው ይምጣ እንጂ አሳያቸዋለሁ እል ጀመር። ጉባኤው ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው ግን እማማ ሸዋዬ ዐረፉ።

ዝናብ ነበር። ድንኳኑን በጥድፊያ አወጣን፤ «ገልብጡት፣ ገልብጡት!» እያልኩ እኔው አስተከልኩ። ከውጭ ዞሬ ሳየው ንጹሕ ነው፣ አንድ ፊደል አይታይም። ደስ አለኝ። ለቀስተኛው ገባ። ቤተሰቡ ከፊት ተቀመጠ፣ ብርቱካን ከመካከል። የማዶው ዕድር ሊቀመንበርም ዕድራችን ምን እንደሚመስል ሊያዩ መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ ወንጌላዊው ተነሡና በዚያ በሚያባባ ድምፃቸው፣

«ወገኖቼ፣ ሐዘን ወደ ምድር ያስደፋል። ዛሬ ግን ቀና እንበል። ዓይናችንን ወደ ላይ እናንሣ!» አሉ።

ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ላይ አነሣን።

እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

ልክ በብርቱካን አናት ላይ። በቀይ ቀለም! በዚያ ልጅ በሚያህል ፊደል!

የማዶው ሊቀመንበር ዓይናቸው ደከም ያለ ነውና ፊደል በፊደል እየቆጠሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «እን…ኳን… ለዚህ ቀን… አበ…ቃችሁ… የነስሩ…» አጠገባቸው ያለው ሰው በክርኑ ጎሸም ሲያደርጋቸው «ኪራይና ሽያጭ» ላይ ደርሰው ነበር። ወንጌላዊው አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ብርቱካን ጽሑፉን አየች፣ የአማቷን ፎቶ አየች፣ እንደገና ጽሑፉን አየች… ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ደፋ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስቅ… ስቅ… ስቅ!

«ወይኔ ልጄን!» አሉ ከኋላ የተቀመጡ እናቶች። «ለአማቷ እንዲህ የምታለቅስ ምራት የት አለች! እንዲህ ካለቀሱለትስ መሞትም አይከፋ!»

እኔ ከጎን ስለነበርኩ ፊቷን አይቼዋለሁ። ለቅሶ አልነበረም። እስከ ዛሬ ግን በሰፈራችን ምራት ሲመከር «እንደ ብርቱካን ሁኚ» ይባላል።

ሐጂ ነስሩ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጋሽ በራሶ፣ ወላሂ አፍሬአለሁ… ፊደሉ ግን እንዴት ጥርት ብሎ ይነበባል!»

ከቀብር መልስ አቶ መንገሻ ያዙኝ። ጉሮሯቸውን እንኳ አልጠረጉም።

«በሐዘን ቤት ንግድ! አገር አሳቁብን! እሑድ ጉባኤ ነው፤ ቁልፉን ከአንገትዎ ፈትተው ይምጡ!»

ምን እላለሁ? እሑድ ሲደርስ ሲባጎውን ፈትቼ ቁልፉን በመዳፌ ጨብጬ ሄድኩ። አንገቴን የሆነ ብርድ ብርድ አለው። አባላቱ ዕቃ ቤቱ ደጅ ተሰብስበዋል፣ የማዶው ሊቀመንበርም ፊት ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ እኔን ያይና ፊቱን ያዞራል። አቶ መንገሻ ስለ ክብር፣ ስለ ሐዘን ሥርዓት፣ ስለ ፕላስቲክ ወንበር ረጅም ንግግር አደረጉ። «እንግዲህ ውሕደቱን የሚደግፍ እጁን…» ሊሉ ሲሉ የማዶው ሊቀመንበር አቋረጧቸው።

«አንድ ነገር ላስታውስ። የእኛ ዕድር ደንብ አለው። ከመዋሐዳችን በፊት ዕቃ ቤቱ አሁኑኑ ወለል ብሎ ይከፈታል። ውስጡ ያለው ሁሉ አባላቱ ፊት ሜዳ ላይ ይወጣል። የዕድሩ ያልሆነ ከተገኘ "ይህ የማን ነው?" ተብሎ እየተነሣ ይጠየቃል።»

«አይከፈትም!» አለ አንድ ድምፅ ከመካከል።

ሐጂ ነስሩ ከጎኑ የተቀመጠችውን ሚስቱን በዓይኑ ጠርዝ ሰረቅ አድርጎ አየ። ብርቱካን ባሏን አየች። ባሏ ብርቱካንን አየ። የአቶ መንገሻ ወንድሞች ከፊት ረድፍ ተደርድረው «መልካም፣ ይውጣ!» ይላሉ። አቶ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዴ ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ፣ ውኃ ጠየቁ።

«ወገኖቼ…» አሉ በመጨረሻ፣ «ችኮላ ምን ያደርጋል? አባቶቻችን ያቆሙትን ዕድር እንዲህ በአንድ ቀን… እኔ በግሌ ልቤ አልፈቀደም።»

«አዎ! የራስ ነገር የራስ ነው!» አለ ሐጂ ነስሩ ብድግ ብሎ።

«ወንዙስ ቢሞላ?» አለች ብርቱካን።

«እውነቷን ነው፣ ወንዙ ይሞላል!» አለ ባሏ። እነዚህ ባልና ሚስት በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ዕቃ ቤቱ ባለበት ይቆይ፣ ቁልፉም በጋሽ በራሶ እጅ ይሁን የሚል?» እጅ እንደ በቆሎ ማሳ በቀለ! የማዶው ሊቀመንበር ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንዲህ የሚዋደድ ዕድር አይቼም አላውቅ» እያሉ ወንዙን ተሻገሩ። አቶ መንገሻ ራሳቸው መጥተው ሲባጎውን አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ጠበቅ አድርገው ነው ያሰሩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ለታሪኩ «አየህ፣ ሰዉ እንዴት እንደሚወድደኝ!» አልኩት።

«አጎቴ፣ እርስዎን ወድደው መሰለዎት? ዕቃቸው ውስጥ ነው እኮ። ኩባንያውም ከዚህ ነው የሚያተርፈው። ሰው አንዴ ጓዙን ካስገባ መውጣቱ ይከብደዋል፤ መክፈሉን ይቀጥላል።»

እውነቱን ነው። ብርቱካንን ከሐዘኑ በኋላ «እንግዲህ ሻንጣሽን ውሰጂያ፣ ልጄ» ብላት «ይቆይ፣ ጋሼ… ባልየው እንዳለ ነው» አለችኝ። አቶ መንገሻም ጀንፈላቸውን አልወሰዱም። ሐጂ ነስሩ ደግሞ በድንኳኑ ሁለተኛ ገጽ ላይ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ! የነስሩ ጥቁር ልብስ» የሚል ልጻፍ እያለ ይለምነኛል፤ እያሰብኩበት ነው።

እንግዲህ በሰላም ልሰናበታችሁ ነበር። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያን ቀን ጉባኤው ላይ፣ የማዶው ሊቀመንበር «ይከፈት» ብለው አፋቸውን ሳይዘጉ፣ «አይከፈትም!» ብላ ከሁሉ ቀድማ ስትቆም ያየኋት ባለቤቴን አስቴርን ነው። እኔ ለቁልፌ አዝናልኝ መስሎኝ ልቤ ተነክቶ ነበር። አሁን ሳስበው ግን… ቁልፉ ስተኛም አንገቴ ላይ ነው፤ አስቴር ደግሞ ከጎኔ ነው የምትተኛው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዕቃ ቤቱ እየገባሁ በርሜሉን አገላብጣለሁ፣ ብረት ድስቱን እከፍታለሁ፣ ከአግዳሚዎቹ ሥር እንበረከካለሁ። የሁሉንም ዕቃ አውቃለሁ። የእስዋን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።